ሞተር ሳያቃጥሉ መፍጠን፦ በባሕር ዳር አየር የሪሞት መኪና ሞተርን ለውድድር የማዘጋጀት አሠራር

የሪሞት መኪና ይዞ ሜዳ የወጣ ሰው ብዙም ሳይቆይ «ትንሽ በፈጠነልኝ» ማለቱ አይቀርም። ምኞቱ ልክ ነው፤ የሚያሳስተው መንገዱ ነው። አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚገዛው ሞተር ነው። አዲሱ ሞተር በማይስማማው ጥርስ ይገጠማል፣ በደካማ ብየዳ ይያያዛል፣ ከዚያ በመጋቢት ፀሐይ አስፋልት ላይ ይለቀቃል። አንድ ባትሪ ሳያልቅ የተቃጠለ ቫርኒሽ መሽተት ይጀምራል። ምትክ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪላክ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ደግሞ መኪናዋ መደርደሪያ ላይ ትከርማለች።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር 1/10 ልኬት ላላቸው የአስፋልት መኪኖችና አብዛኞቹ ለሚይዙት 540 ለሚባለው የሞተር መጠን ነው። አካሄዴ አንድ ነው፦ ስለ ፍጥነት ከማሰባችሁ በፊት ስለ ሙቀት አስቡ። ወደ ሙቀት የተለወጠ ኤሌክትሪክ ጎማው ላይ ያልደረሰ ጉልበት ነው። የመዳብ ሽቦ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ (ሬዚስታንሱ) 0.39 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከ25 ዲግሪ ወደ 75 የወጣ ሞተር የሽቦው ሬዚስታንስ በ20 በመቶ ገደማ አድጓል ማለት ነው። ውድድሩ ሲጀመር የነበራችሁ ሞተር ሲያልቅ ያላችሁ ሞተር አይደለም። ቀዝቃዛውን ሞተር ይዞ የጨረሰ ሰው የመጨረሻዎቹን ዙሮች ይወስዳል።

ይህ ነገር እኛ ጋ ይበልጥ ይከብዳል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ ትንንሽ መኪኖች በዚህ ምክንያት ጉልበት ያጣሉ። ኤሌክትሪክ ሞተር ኦክስጅን ስለማይፈልግ ጉልበቱ አይነካም፤ የሚነካው ማቀዝቀዣው ነው። ሙቀቱን ጠርጎ የሚወስደው አየር ነውና አየሩ ሲሳሳ የሚወስደውም ያንሳል። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ያለው የጥርስ ምክር ይህን አላሰበም። እኔ በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገባውን ትንሹን ጥርስ (ፒኒየን) ወረቀቱ ከሚለው በሁለት ጥርስ አሳንሼ እጀምራለሁ፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ያላችሁን ሞተር ለዩ

ሞተሩን አውጥታችሁ ለኩት። ውፍረቱ 36 ሚሊሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 50 ገደማ፣ ዘንጉ 3.17 ሚሊሜትር ከሆነና ፊቱ ላይ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች በ25 ሚሊሜትር ከተራራቁ 540 ነው፤ የገበያው ማሻሻያ በሙሉ ለእሱ ይገጥማል። ከዚህ ያነሰ ከሆነ መኪናዋ የመጫወቻ ደረጃ ናትና ለሞተር የምታወጡትን ብር ለተሻለ መኪና ብታጠራቅሙት እመርጣለሁ። የእነዚያ መኪኖች ጥርስና አክስል የተሠራው ለዋናው ሞተር ብቻ ነው፤ ጠንካራ ሞተር ሲገባ ፕላስቲኩ ይላጣል።

ሁለት ሽቦ ብቻ የሚወጣው ካርቦን ያለው፣ ብሩሽ ሞተር ነው። ሦስት ወፍራም ሽቦ የሚይዘው ብሩሽ አልባ ነው። ከሦስቱ ሌላ ባለ ስድስት ፒን ቀጭን ገመድ መሰኪያ ካለው ደግሞ ባለ ሴንሰር ነው፤ ሴንሰሩ ሞተሩ ሲዞር የት እንደደረሰ ያሳውቃል።

በሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውስጡ ያለው ሽቦ ስንት ዙር እንደተጠቀለለ ይናገራል። ብር መልክ ያለው፣ ከብዙ ኪቶች (ተገጣጣሚ መኪኖች) ጋር የሚመጣው የብሩሽ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ 27 ዙር ነው። ብሩሽ አልባዎቹ 21.5፣ 17.5፣ 13.5፣ 10.5 እያሉ ይወርዳሉ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሞተሩ ይፈጥናል፣ አምፔርም ይበላል። የሁለቱን ዓይነቶች ቁጥር ግን ጎን ለጎን አታወዳድሩ፤ መለኪያቸው የተለያየ ነው። አንዳንድ አምራቾች በዙር ፋንታ ኬቪ ይጽፋሉ፤ ሞተሩ ያለ ሸክም በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ማለት ነው። 17.5 ዙር ከ2,200 እስከ 2,400 ኬቪ አካባቢ፣ 13.5 ዙር ከ2,800 እስከ 3,100 አካባቢ ይሆናል፤ እንደ አምራቹ ይለያያል።

ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ጎማዎቹ በነፃነት እንዲዞሩ አድርጉ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ትርፉ ግን ትልቅ ነው። ሞተሩን አውጡና መኪናዋን ከፍ አድርጋችሁ ጎማዎቹን በእጃችሁ አዙሩ። በነፃነት ዞረው ቀስ ብለው መቆም አለባቸው። ወዲያው ቀጥ ካሉ ሞተሩ እስከ ዛሬ ሲታገል የነበረው ከአየር ጋር ሳይሆን ከራሷ ከመኪናዋ ጋር ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ኪቶች በኩሽኔታ ቦታ ቡሽ (ኳስ የሌለው ተራ ቀለበት) ይዘው ይመጣሉ። ቡሾቹን በሙሉ አውጥታችሁ በኩሽኔታ ተኩ። ታሚያ በሚባለው የጃፓን አምራች መኪኖች ላይ የተለመደው መጠን 5 በ11 በ4 ሚሊሜትር ነው። ኩሽኔታ ቤት ስትጠይቁ «ኤምአር 115» በሉ። 685 የሚል ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ ቀዳዳውና ዙሪያው አንድ ቢሆንም የተሸፈነው ዓይነት ስፋቱ 5 ሚሊሜትር ስለሆነ ቦታው ውስጥ ይጨናነቃል። ከተማ ውስጥ ባይገኝ ከአዲስ አበባ በመልእክት ለማስመጣት ቀላል ዕቃ ነው፤ ባትሪ እንደ መላክ አያስቸግርም።

ሲገጥሙ በጣት ተጭነው መግባት አለባቸው። በመዶሻ የገባ ኩሽኔታ የተበላሸ ኩሽኔታ ነው። ቀድሞ በተቀባው ወፍራም ግሪስ ምክንያት ከከበዱ በአልኮል አጥባችሁ አድርቁና አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ስጧቸው።

ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ በድሮው ሞተር አንድ ባትሪ ንዱ። ለብዙ ሰው ሞተር የቀየረ ያህል ይሰማዋል።

የብሩሽ ሞተር ካላችሁ

27 ዙሩ ሞተር ርካሽ ቢሆንም አያያዙን ለሚያውቅ ሰው ጥሩ የውድድር ሞተር ነው። አዲስ ሲሆን የካርቦኑ ፊት ቀጥ ያለ ነው፤ የሚነካው የሚዞር የመዳብ ቀለበት (ኮሙቴተር) ደግሞ ክብ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሚነካኩት በጠባብ መስመር ብቻ ነው። በዚያ ጠባብ መስመር ሙሉ አምፔር ስታሳልፉበት ብልጭታው ኮሙቴተሩን ያጠቁረዋል። ቀድሞ ማለማመድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሞተሩን ከመኪናዋ አውጡ፣ ፒኒየኑንም ፍቱ። ሁለት የድንጋይ ባትሪ በተከታታይ አያይዛችሁ በ3 ቮልት ያለ ሸክም አዙሩት። አምስት ደቂቃ ይዙር፣ ይረፍ፣ እንደገና ይዙር፤ በድምሩ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ላብ ውስጥ ቮልቱ የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ የሚያገኝ ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ የሚበላውን አምፔር እያያችሁ ታለማምዱታላችሁ። አምፔሩ መጀመሪያ ይዋዥቃል፣ ካርቦኑ ቦታውን ሲይዝ ይረጋጋል። የተረጋጋበት ጊዜ ልምምዱ አልቋል። የተሽከረከረበት አቅጣጫም መኪናዋ ወደ ፊት ስትሄድ የሚዞርበት ይሁን።

ሞተሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ማለማመድ የሚመርጡ አሉ። ፈጣን ነው፤ ግን ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። ከጣና ተቀድቶ የመጣ ውኃ ደለል አለው፤ ደለል ቡሹን እንደ ሞረድ ይበላዋል። እኔ በደረቁ መንገድ እመክራለሁ፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ከልምምዱ በኋላ በዘንጉ ሁለት ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ። ዘይቱ ወደ ካርቦኑ እንዳይወርድ የኋላውን ጫፍ ስትቀቡ ሞተሩን ዘንጉ ወደ ታች አድርጋችሁ አትያዙ፤ አግድሙን ያዙት። ሞተሩ ላይ የተበየዱትን ትንንሽ ካፓሲተሮችም ተመልከቱ። 104 የሚል የተጻፈባቸው፣ 0.1 ማይክሮፋራድ የሆኑ ሦስት ናቸው፤ አንዱ በሁለቱ ጫፎች መካከል፣ ሁለቱ ከእያንዳንዱ ጫፍ ወደ ቆርቆሮው። ከነሱ አንዱ ከተነቀለ የካርቦኑ ብልጭታ ሬዲዮውን ይረብሸዋል፤ መኪናዋ ሳትታዘዝ ቀርታ ሰው እግር ላይ የምትገባው እንዲህ ስትሆን ነው። ሬዲዮ ጠጋኞች ዘንድ በቀላሉ ይገኛሉ።

ዲናሞ የሚጠቀልሉ ባለሙያዎቻችን የመኪና ማስነሻና የውኃ ፓምፕ ሞተር ላይ እጃቸው የታወቀ ነው። ሆኖም ይህን ትንሽ ሞተር በወፍራም ሽቦ አስጠቅልሎ ዙሩን ማሳነስ የሚያዋጣ ሥራ አይመስለኝም። በደቂቃ ከ15 ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞር ዕቃ ሦስቱ ክንፎቹ በክብደት እኩል ካልሆኑ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ካርቦኑንና ቡሹን ይጨርሳል።

ብሩሽ አልባ መምረጥ

የሜዳው ስፋት ይወስን። እዚህ የምንነዳው አብዛኛውን ጊዜ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ወይም ሰው በሌለበት ሰዓት የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ላይ ነው። ኮብልስቶን ላይ አትልፉ፤ ለአክስልም ለኩሽኔታም አይሆንም። የጣና ዳር መናፈሻ መንገዶች ላይም ለስላሳ ቢሆኑም አትንዱ፤ ሕፃናትና አዛውንቶች የሚንሸራሸሩበት ነው፤ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ዕቃ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እግር ቢመታ ሊሰብር ይችላል።

የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 ሜትር በ15 ነው። ለእንዲህ ያለ ቦታ 17.5 ዙር ይበቃል፣ 13.5 ደግሞ ይተርፋል። 10.5 እና ከዚያ በታች ሰፊ አስፋልት ይፈልጋሉ። ባለ ሴንሰር ግዙ። ሴንሰር የሌለው ከቆመበት ሲነሣ ይንገጫገጫል፤ ጠባብ ሜዳ ደግሞ ሁልጊዜ መነሣትና መቆም ነው።

የፍጥነት መቆጣጠሪያውን፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነውን ዕቃ፣ ከሞተሩ ጋር አብራችሁ አስቡ። የብሩሽ መቆጣጠሪያ ብሩሽ አልባ ሞተር አይነዳም። መቆጣጠሪያው ስንት ዙር ድረስ እንደሚችል ማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ ሊነዳው ከሚችለው ጫፍ ላይ ሳይሆን ትንሽ ትርፍ ያለውን ምረጡ፤ እሱም የሚቀዘቅዘው በዚሁ በሳሳው አየር ነው።

መግጠም

ብየዳው ላይ አትቸኩሉ። ለቀጭን የሬዲዮ ሥራ የሚሆነው ትንሽ ካውያ ለዚህ ወፍራም ሽቦ አይበቃም፤ 60 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ደካማ ካውያ ሽቦውን ለረጅም ጊዜ እያሞቀ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ ሶልደሩ ግን በደንብ አይፈስም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓትም አትጀምሩ፤ ግማሽ ላይ የቀዘቀዘ ብየዳ ከላይ የተያያዘ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልያዘም።

የደካማ ብየዳን ዋጋ በቁጥር እንየው። አንድ ብየዳ 0.005 ኦም ቢኖረውና 40 አምፔር ቢያልፍበት 8 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይጠፋል፣ 0.2 ቮልትም ይቀንሳል። ሦስት እንዲህ ዓይነት ብየዳ ካለ የገዛችሁት ሞተር ከነበረው ያልተሻለ ይመስላችኋል። ስለዚህ ሽቦውንም ጫፉንም ለየብቻ ቀድማችሁ ሶልደር አልብሱ፣ ከዚያ አገናኝታችሁ አንድ ጊዜ አሙቁ፣ እስኪረጋ አታንቀሳቅሱ። ጥሩ ብየዳ ያበራል፤ የደበዘዘና የተሰነጣጠቀ ከሆነ ድገሙት። ሽቦዎቹን መድረስ እስከሚገባቸው ድረስ አሳጥሩ።

ባለ ሴንሰር ሞተር ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚሉት ሦስት ሽቦዎች በመቆጣጠሪያው ላይ ካሉት ተመሳሳይ ፊደላት ጋር ብቻ ይገናኙ። ሴንሰር በሌለው ሞተር ላይ ማናቸውንም ሁለት ብትለዋውጡ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል፤ ባለ ሴንሰሩን ግን እንዲህ ካደረጋችሁት ሊጎዳ ይችላል፤ አቅጣጫውን በመቆጣጠሪያው ቅንብር ቀይሩ።

የሞተሩ ብሎኖች ኤም 3 ናቸው። ርዝመታቸውን ሳትለኩ አታጥብቁ። ረዥም ብሎን ወደ ውስጥ ገብቶ ጥቅሉን ይወጋዋል፤ ያ ሞተር ከዚያ ወዲያ አይድንም። አዲሱን ሞተር በድሮው ብሎን ከማሰራችሁ በፊት ብሎኑ ከሞተሩ ፊት ወደ ውስጥ ስንት ሚሊሜትር እንደሚገባ እዩ፤ አምራቹ ከፈቀደው አይለፍ።

ጥርሶቹ ሲገጣጠሙ አንድ ዓይነት ልኬት ይሁኑ። የጥርሱ መጠን 0.6 ሞጁል የሚባለው ፒኒየን 48 ፒች ከሚባለው ስፐር (ፒኒየኑ ከሚያዞረው ትልቁ ጥርስ) ጋር የሚገባ ይመስላል፣ ግን እየፈጨ ይጨርሰዋል። ቦታው የሚስተካከል መኪና ካላችሁ በሁለቱ ጥርሶች መካከል የደብተር ወረቀት ቁራጭ አስገብታችሁ ሞተሩን ገፋ አድርጉ፣ ብሎኑን አጥብቁ፣ ወረቀቱን አዙራችሁ አውጡ። ወረቀቱ ተጨማድዶ እንጂ ሳይቀደድ መውጣት አለበት። የታሚያን ቲቲ-02 በመሳሰሉ መኪኖች የፒኒየኑ ቦታ በቀዳዳ የተወሰነ ስለሆነ የመኪናዋ መመሪያ ከሚዘረዝራቸው ጥርሶች ውጭ አትሞክሩ። የፒኒየኑ ብሎን ዘንጉ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ገጽ በትክክል ይረፍ።

ጥርስ መምረጥ፦ ዋናው ሥራ

ባሕር ዳር በብስክሌት ያደገ ሰው ይህን ክፍል ሳይነገረው ያውቀዋል። ከፊት ትልቅ ጥርስ አድርጎ ከቆመበት ለመነሣት የሚታገል ጋላቢ ጉልበቱ ያልቃል፤ ትንሽ ጥርስ ይዞ ሜዳ ላይ የሚጋልብ ደግሞ እግሩ ይሽከረከራል እንጂ አይራመድም። ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ጋላቢው ሲደክመው ያቆማል፣ ሞተሩ ግን እስኪቃጠል ይታገላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የስፐሩን ጥርስ ለፒኒየኑ ጥርስ አካፍሉ፣ ውጤቱን በመኪናዋ የውስጥ ንጽጽር (ከስፐሩ እስከ ጎማው ያሉት ጥርሶች በሚሰጡት) አባዙ። ታሚያ ቲቲ-02 ከፋብሪካ 70 ጥርስ ስፐርና 22 ጥርስ ፒኒየን ይዛ ትመጣለች፤ የውስጥ ንጽጽሯ 2.6 ነው። 70 ሲካፈል ለ22፣ ሲባዛ በ2.6፣ 8.27 ይሆናል። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 8.27 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናዋ ፈጥና ትነሣለች፣ ሞተሩም ይቀዘቅዛል፤ ዝቅ ሲል ጫፍ ፍጥነቷ ይጨምራል፣ ሞተሩ ይግላል።

አሁን ሜዳችሁ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚችል አስሉ። ዲያሜትሩ 64 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ዙር 20 ሴንቲሜትር ገደማ ይሄዳል። 2,900 ኬቪ የሆነ 13.5 ሞተር በ7.4 ቮልት በደቂቃ 21,460 ጊዜ ይዞራል። ለ8.27 ሲካፈል ጎማው 2,595 ጊዜ ይዞራል፤ በደቂቃ 519 ሜትር፣ በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሸክም ሲኖር ከዚህ ይቀንሳል። በዚህ ፍጥነት የቅርጫት ኳስ ሜዳውን ርዝመት ሙሉ ለማለፍ ከሦስት ሰከንድ ጥቂት የበለጠ ብቻ ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ መነሻውና ፍሬኑ የየራሳቸውን ይወስዳሉ። ታዲያ 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጥርስ እዚያ ሜዳ ላይ ምን ይሠራል? መኪናዋ እዚያ ፍጥነት ላይ ሳትደርስ መታጠፊያው ይመጣል፤ ሞተሩ ግን በየመነሻው ለማይደርስበት ፍጥነት አምፔር ይከፍላል።

ሙቀት መለኪያ ያስፈልጋችኋል። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባር ላይ ይደቀን የነበረው ዓይነት አይሆንም፤ የሰውነት ሙቀት ብቻ እንዲለካ ስለተሠራ ከ43 ዲግሪ አካባቢ በላይ አያነብም። የኢንዱስትሪውን ዓይነት ፈልጉ። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ሲደቀን ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ የሞተሩን ቆርቆሮ አንድ ቦታ በጥቁር ማርከር ቀቡና ሁልጊዜ እዚያው ላይ ለኩ።

የሙከራው አካሄድ እንዲህ ነው። በትንሹ ፒኒየን ጀምሩ። ሁለት ደቂቃ ውድድር በሚነዳበት ኃይል ንዱና አቁማችሁ ለኩ። ከ60 በታች ከሆነ ሦስት ደቂቃ ጨምሩና ድገሙ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ተነድቶ ከ55 ዲግሪ በታች ከሆነ አንድ ጥርስ መጨመር ትችላላችሁ። ከ55 እስከ 70 ከሆነ እዚያው ቆዩ። ከ75 ካለፈ አንድ ጥርስ ቀንሱ፤ 80 ከደረሰ ወዲያው አቁሙ፣ ሁለት ጥርስ ቀንሱ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ጥርስ በላይ አትጨምሩ። ለብሩሽ ሞተር ገደቡን በ10 ዲግሪ ዝቅ አድርጉት፤ ጥቅሉ መሃል ላይ ስለሚዞር ከውጭ የምታነቡት ከውስጡ በጣም ያንሳል። ካቆማችሁ በኋላ ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ቆርቆሮው እየወጣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሊጨምር ስለሚችል ትልቁን ቁጥር መዝግቡ።

ሰዓቱን አትርሱ። ሞተሩ የሚጨምረው ሙቀት በአየሩ ላይ ተደርቦ ነው። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ አየሩ 18 ዲግሪ ሆኖ ሞተራችሁ 64 ካነበበ፣ በሚያዝያ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አየሩ 30 ሲሆን ያው ጥርስ ወደ 76 ያደርሰዋል። አስፋልቱ ራሱ የሚተፋው ሙቀት ገና አልተቆጠረም። ማለዳ የተስተካከለ መኪና ከሰዓት በኋላ የሚወዳደር ከሆነ በአንድ ጥርስ ያነሰ ፒኒየን ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ማቀዝቀዣ ፋን እዚህ ከተማ ቅንጦት አይደለም። ኮምፒዩተር ጠጋኞች ዘንድ የሚገኘው 40 ሚሊሜትር ፋን ይሠራል፤ 12 ቮልት የሚለው በ6 ቮልት ቀስ ብሎ ስለሚዞር 5 ቮልቱን ምረጡ፤ ግን የመቆጣጠሪያችሁ የፋን መሰኪያ ስንት ቮልት እንደሚሰጥ በመልቲሜትር ለክታችሁ ይሁን። የመኪናዋን ቦዲም ከኋላ በኩል ክፈቱለት። ከፊት የገባ አየር መውጫ ካላገኘ ፋኑ ያንኑ ትኩስ አየር ያዞራል።

ታይሚንግ

ታይሚንግ ማለት ለጥቅሉ ኤሌክትሪክ የሚደርስበት ቅጽበት ምን ያህል ቀድሞ እንደሚሆን ነው። ባለ ሴንሰር የውድድር ሞተር የኋላ ክዳኑ ይላላና ይዞራል፤ ጠርዙ ላይ የዲግሪ ምልክት አለው። ዲግሪውን ስትጨምሩ ሞተሩ ይፈጥናል፣ አምፔር መብላቱም ሙቀቱም ይጨምራል፣ ከታች ያለው ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። ለጠባብ ሜዳ ጉልበቱ ስለሚሻል እዚህ ብዙ መጓጓት አያስፈልግም። መካከለኛ ቦታ ላይ፣ 30 ዲግሪ አካባቢ ጀምሩ። ጥርሱ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ 5 ዲግሪ ጨምሩና ያንኑ የአምስት ደቂቃ ሙከራ ድገሙ። ሁለቱን አንድ ላይ አትቀይሩ፤ የትኛው እንደረዳ አታውቁትም። ታይሚንግ በጨመራችሁ ቁጥር ጥርስ መቀነስ እንደሚያስፈልግ ጠብቁ።

አንዳንድ መቆጣጠሪያዎች ቡስትና ተርቦ የሚሉ ቅንብሮች አሏቸው፤ እነሱም ሞተሩ እየዞረ ታይሚንግ የሚጨምሩ ናቸው። ክዳኑ ላይ ከፍ ያለ ዲግሪ አድርጎ ቡስት መክፈት ሞተር የሚገደልበት አቋራጭ ነው። በሌላው ዓለም ያሉ የ17.5 ውድድሮች ብዙዎቹ እነዚህን ቅንብሮች ዘግተው ነው የሚያካሂዱት። እኛም ጓደኛሞች ሆነን ስንወዳደር ሁሉም እንዲዘጋ መስማማት ይሻላል። አቅም ያለው ውድ መቆጣጠሪያ ስለገዛ ብቻ አይቀድምም፤ መታጠፊያውን ያጠና ይቀድማል፣ ገና የጀመረ ልጅም ተስፋ አይቆርጥም።

ባትሪና የመቆጣጠሪያ ቅንብር

ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው። መቆጣጠሪያው በሴል 3.2 ቮልት ላይ እንዲያቆም አድርጉ። 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነውን በ5 አምፔር ሙሉ፤ ከዚያ በላይ አትቸኩሉ። ለብዙ ቀን የማትነዱ ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አስቀምጡ። ስትሞሉ አጠገቡ ሁኑ፤ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ይሁን፣ ፍራሽና ምንጣፍ ላይ ፈጽሞ አይሆንም። ያበጠ ባትሪ አትሙሉ።

የአነሣሥ ኃይሉን ቅንብር ከዝቅተኛው ጀምሩ። ጎማው አሸዋ በለበሰ ሜዳ ላይ ከተሽከረከረ ጉልበቱ ባክኗል።

መዝገብና ጥገና

ትንሽ ደብተር ያዙ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሙቀት፣ ፒኒየን፣ ታይሚንግ፣ የሞተሩ ሙቀት፣ ምርጡ የዙር ሰዓት። የዙሩን ሰዓት በስልክ መያዝ ይበቃል። ሁለት ቅንብር ተቀራራቢ ሰዓት ካመጡ ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን ምረጡ።

ሞተሩ አዲስ እያለ አንድ ቁጥር መዝግቡ፦ ያለ ሸክም፣ ፒኒየኑ ወጥቶ፣ በታወቀ ቮልት ሲዞር ስንት አምፔር እንደሚበላ። የመልቲሜትራችሁን 10 አምፔር መሰኪያ ተጠቀሙ፤ መኪናዋ እየተነዳች ግን በዚህ መንገድ አትለኩ፣ መሣሪያው አይችለውም። ከወራት በኋላ በዚያው ቮልትና በዚያው ታይሚንግ አምፔሩ ከፍ ብሎ፣ ሞተሩ ያለ ሸክም ከበፊቱ ፈጥኖ የሚዞር ከሆነ ደስ አይበላችሁ። በሙቀት ማግኔቱ ደክሟል ማለት ነው፤ ማግኔቱ የደከመ ሞተር ባዶውን ይፈጥናል፣ ጎማ ሲያዞር ግን ጉልበት የለውም። ብሩሽ አልባ ከሆነ ሮተሩን (መሃል ላይ የሚዞረውን ማግኔት) ብቻ መቀየር ይቻላል።

በአካባቢያችን አፈር ውስጥ ማግኔት የሚስበው ጥቁር ብናኝ አለ። ነድታችሁ ስትመለሱ ሞተሩን በቀለም ብሩሽና በብስክሌት ጎማ መንፊያ አጽዱ። ክዳኑ ሲከፈት ሮተሩን ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉት። የተጣበቀበትን ብናኝ በፕላስተር ተለጣፊ ገጽ እየነካችሁ አንሡት።

በክረምት እርጥብ ሜዳ ላይ ባለ ሴንሰር ሞተር አትንዱ፤ የሴንሰሩ ሰሌዳ ውኃ አይወድም። ዝናብ ከደረሰባችሁ ወዲያው ክዳኑን ከፍታችሁ በፋን አድርቁ፣ ኩሽኔታዎቹንም ዘይት አጠጡ። ከጣና በኩል የሚመጣው እርጥበት አዳር ላይ ብቻውን ቀጭን ዝገት ሊያመጣ ይችላል፤ ሞተሩን ከሲሊካ ከረጢት ጋር በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። በሚቀጥለው ጊዜ ከማስነሣታችሁ በፊት ደግሞ ጎማዎቹን ከመሬት አንሥታችሁ በጣት አዙሩ፣ የፒኒየኑን ብሎን በአለን ኪ ፈትሹ፣ ከዚያ ባትሪውን ሰኩ።